ጀርባውን የሚያዞረው ደጋፊ

ስቶን ማውንቴን፣ ጆርጂያ
እሑድ ጥቅምት ፱ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ኡራዬ፣ የእኔ ጌታ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ አልጀምርም። እሱን በሦስት መስመር ደብዳቤህ «አይም ኦኬ» ብለህ ዘግተኸዋል። ይህን ሁሉ ዓመት አሳድጌህ ሦስት መስመር! ያውም በእንግሊዝኛ። ደግነቱ አናቱ ላይ «እማዬ» የምትለዋን በእኛ ፊደል ጽፈሃታል። «ዬ»ዋ እንደ ሰካራም ወደ ጎን ዘመም ብላለች፤ ግን እሷን እያየሁ ነው የሰነበትኩት። ሰንበት ትምህርት ቤት በግድ እየጎተትኩ የወሰድኩህ በከንቱ አልቀረም። ማሠልጠኛው ስልካችሁን ከሰበሰበባችሁ ወዲህ ሌላ መገናኛ ስለሌለን እኔም እስክሪብቶ አንስቻለሁ። ፊደሉን አተልቄ እጽፍልሃለሁ፣ አንተም ቀስ ብለህ አንብበው። ያልገባህን ዝለለውና በኋላ ተመለስበት። ብቻ ሳትጨርስ እንዳታስቀምጠው።

ቁጭ ማለት አቅቶኛል ልጄ። ይህን መጻፍ ከጀመርኩ እንኳን ሁለት ጊዜ ተነስቻለሁ። አንዴ ምድጃ ላይ የጣድኩት ያረረ መስሎኝ ሮጥኩ፤ ለካ ምንም አልጣድኩም። አንዴ ደግሞ በር የተንኳኳ መስሎኝ ከፈትኩት፤ ማንም የለም። ቤቱ ጸጥ ሲል ጆሮዬ የሌለ ነገር ይሰማል። ትበላለህ? እዚያ ይበርዳል ወይ? ኦክላሆማ ነፋሱ አይጣል ነው ይላሉ። ከውስጥ ሹራብ መልበስ ይፈቅዱልሃል? ይህን ሁሉ ጠይቄህ «ኦኬ» ብለህ እንደምትመልስልኝ አውቃለሁ።

ወደ ነገሬ ልግባ። በደብዳቤህ «ለምረቃዬ ነይ፤ ዳድ ግን እንደዚያን ቀን ጀርባውን ሊሰጠኝ ከሆነ ባይመጣ ይሻላል» ብለሃል። ይህን እኔ ለአባትህ አላነበብኩለትም፤ ራሱ ነው ከፖስታ ሳጥኑ አውጥቶ ቆሞ ያነበበው። ሲጨርስ አጠፈው፣ ፍሪጁ ላይ በማግኔት ለጠፈውና ወጣ። በመስኮት ሳየው የመኪናውን ጎማ በእግሩ ይመታል። አንዱን ይመታና ወደ ሌላው ይሄዳል። ጎማው ምን አደረገው? ከዚያ ወዲህ «ትሄዳለህ ወይስ አትሄድም?» ስለው መልሱ «እናያለን» ብቻ ነው። ጠዋትም «እናያለን»፣ ማታም «እናያለን»። ምረቃህ ለኅዳር ሚካኤል ሰሞን ነው፤ ሆቴል መያዝ አለብኝ። ሆቴሉስ ይቅር። እሱ ከቀረ አንተ ያለ አባት፣ እሱም ያለ ልጅ እንደምትቀሩ ታየኝ። ሁለታችሁም ግትር ናችሁ፤ አንዳችሁም ከአንዳችሁ አትሻሉም።

ያን ቀን እኔም አልረሳሁትም። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። የወታደር መልማዩ መኪና ደጃፍ ቆሞ፣ እኔ አንገትህ ላይ ተጠምጥሜ ሳለቅስ፣ አባትህ ጀርባውን ሰጥቶን ማጠቢያው ላይ ብርጭቆ ያጥባል። ንጹሕ ብርጭቆ። «ባይ፣ ዳድ» አልከው። ሳይዞር ብርጭቆውን ከፍ አደረገልህ። ከዚያ በፊትም ዩኒቨርሲቲውን ትቼ ውትድርና እገባለሁ ብለህ የተጨቃጨቃችሁ ለት ያልከውን ከመኝታ ቤት ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ «አንድ ቀን እንኳን ዋች አድርገኸኝ ታውቃለህ? ኳስ ስጫወት ራሱ፣ ላይክ፣ ሁሌ ጀርባህን ነው የማየው!» ነበር ያልከው። እሱም ዝም። እኔም ልጁ እውነቱን ነው ብዬ አኮረፍኩ፤ እስከ ትናንት ድረስም ከአንጀቴ አላናገርኩትም።

ትናንት የቅዳሜ ሺፍቴን ነርሲንግ ሆሙ ውስጥ አብራኝ ለምትሠራው ለየምስራች ሰጠሁና «ዛሬ ኳስ አብሬህ እሄዳለሁ» አልኩት። ደነገጠ።

«ምን ልታደርጊ?» አለኝ።

«አንተስ ምን ልታደርግ ነው የምትሄደው?»

አንተ ከሄድክም በኋላ አንድ ቅዳሜ አልቀረም እኮ። ቤት ውስጥ ለአፍታ የማይቀመጥ ሰውዬ፣ ልጁ ወደሌለበት ቡድን ምን እየሳበው ይሄዳል? ይህን ማየት ፈለግኩ። ደግሞም እስከ ማሪዬታ ድረስ በመኪና ስንሄድ ከጥያቄዬ ማምለጫ አይኖረውም ብዬ ነበር። ምን ዋጋ አለው። ቀኑን ሙሉ የኤርፖርት ሻትል እየነዳ ከማያውቀው መንገደኛ ጋር ወሬ ሲቀድ የሚውለው አባትህ፣ እኔ ስለ ምረቃው ሳነሳ «ሃይዌይ ላይ ነኝ፣ አታናግሪኝ» አለኝ።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ላይ ስለሆንኩ ሜዳችሁን አይቼው አላውቅም ነበር። ስታዲየም፣ ስታዲየም ስትሉ የሰማሁት ለካ የሃይስኩል ሜዳ ነው። መብራቱ ዓይን ያጠፋል፤ የብረት መቀመጫው ቅዝቃዜ አጥንት ይገባል። ሰዉ ሃምሳ አይሞላም። የተቃራኒ ቡድን፣ የቡፎርድ ሃይዌይ ልጆች፣ ቤተሰቦቻቸው ከበሮ ይዘው መጥተዋል። የተጠበሰ በቆሎ ላይ በርበሬና ሎሚ ያደርጉበታል፤ አንዷ ሴትዮ ለእኔም ሰጠችኝና ሳላፍር በላሁት። የእኛዎቹ ደግሞ የአባትህ ጓደኛ የዑስማን ሚስት የጠበሰችውን ሳምቡሳ በፎይል ጠቅልለው ይዘዋል። ሰባት ቁጥር ማልያህን አንድ ቀጭን ልጅ ለብሶታል፤ ቀሚስ ሆኖበታል።

ቡድናችሁ ጮራ ካላሸነፈ ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን ይወርዳል አሉ። እኔ ከዚያ በታች ሌላ ዲቪዚዮን መኖሩንም አላውቅ። እኔ ስቀመጥ አባትህ ከአጥሩ ሥር ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመረ። ኳስ ወደ ቀኝ ስትሄድ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ስትመለስ ወደ ግራ። ከተጫዋቾቹ ይልቅ እሱ ብዙ የሮጠ ይመስለኛል። የማን ጉልበት እንደሚያመው፣ የማን ታኬታ እንደተቀደደ ሁሉ ያውቃል። ዳኛው ሽማግሌ ፈረንጅ ነው። አባትህ «አንተ ሰውዬ፣ መነጽርህን ወልውለው!» እያለ በአማርኛ ይጮህበታል። እኔ በእፍረት የምገባበት ጠፋኝ። ሌሎቹ ግን ለምደውታል፤ ዞር ብሎ ያየውም የለም።

እነሱ በኮርና አገቡብን። ከዕረፍት በኋላ የእኛው ቤኪ አገባ፤ አንድ ለአንድ ሆነ። ከዚያ በኋላ እኔም መቀመጥ አልቻልኩም። ሳላውቀው ወርጄ አጥሩ ሥር አባትህና ጓደኛው ዑስማን አጠገብ ቆሜያለሁ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ያን ቀጭኑን ልጅ ጎሉ አፍ ላይ ጠልፈው ጣሉት፤ ዳኛው ነፋ። «ሪጎሬ!» ብሎ ሰዉ ጮኸ።

ከዚያ የሆነውን ስማ። የእኛ ደጋፊ በሙሉ ሜዳውን ማየቱን ተወና ወደ ባሌ ዞረ።

«ጋሽ ታደገ፣ ይዙሩ!» አለ አንዱ።

«ይዙሩ! ይዙሩ እንጂ!» አሉ ሌሎቹ። በረኛችሁ እንኳን ከዚያኛው ጫፍ ሆኖ በሁለት እጁ ዙር፣ ዙር ይለዋል። ቤኪ ኳሷን አቅፎ ቆሞ ይጠብቃል።

አባትህም ዞረ። ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ፣ እጁን ሰማያዊው ጃኬቱ ኪስ ከቶ፣ ፊቱን ወደ መኪና ማቆሚያው አደረገ። ልጄ፣ እኔ ያንን ጀርባ አውቀዋለሁ። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ማጠቢያው ላይ ያየሁት ጀርባ ነው። አንገቱ ያው ነው፣ ትከሻውም ያው ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት ዑስማንን።

«አታውቂም እንዴ የሺ? ወላሂ የምታውቂ ነው የመሰለኝ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ኡራኤል የመጀመሪያ ሪጎሬውን ሲመታ ታደገ ዓይኑን ሳይነቅል ሲያየው ወደ ሰማይ ሰደዳት። በሚቀጥለው የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ ብሎ ሳያይ ገባ። በቃ፣ ‹ዓይኔ ለልጄ ገደ ቢስ ነው› አለ። ከዚያ ወዲህ እሱ ይዞራል፣ እኔ እነግረዋለሁ። ኡራኤል ደግሞ አንድም አልሳተም። አሁን እኮ ልጆቹም አምነውበታል፤ እሱ ካልዞረ አይመቱም።»

የባሌን ጸባይ ከሰው ልስማ? ግን እዚያው ቆሜ ሁሉም አንድ በአንድ መጣልኝ። የድሮው አፓርታማ ፓርኪንግ ውስጥ ብስክሌት ሲያስተምርህ ዓይን ዓይንህን እያየ ነበር የወደቅከው፤ አገጭህ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ነው። ፕላስተር ሊያመጣ ጀርባውን እንዳዞረ ነው ተነስተህ ብቻህን የነዳኸው። የመንጃ ፈቃድ ፈተና የወሰድክ ለት ሰዉ ሁሉ በመስኮት ሲያይ እሱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ማስታወቂያ ሲያነብ ነበር፤ «አንተ ሰውዬ ልጅህ አይደለም እንዴ?» ብዬ ተቆጥቼዋለሁ። ጨዋታውንማ ከፊሽካ እስከ ፊሽካ ያያል። አንተ ግን ቀና ብለህ አባትህን የምትፈልገው ሪጎሬ ልትመታ ስትል ነው። ቀና ስትል ጀርባ።

ዑስማን መንገር ጀመረ። «ኳሷን አስቀመጠ» አለው።

«ከንፈሩን ነከሰ?» አለ አባትህ ሳይዞር።

ዑስማን ወደ እኔ ዞረ።

«ነከሰ ወይ? ከነከሰ ወደ ግራ ነው።»

«ታዴ» አለው ዑስማን፣ «ቤኪ ነው እኮ።»

«አዎ» አለ። «አዎ፣ ቤኪ ነው።»

ኡራዬ፣ ሪጎሬ ስትመታ ከንፈርህን እንደምትነክስ እኔ አላውቅም ነበር። ጡቴን አጥብቼ ያሳደግኩህ እኔ አላውቅም፤ ከአንዴ በቀር አይቶት የማያውቀው ሰውዬ ያውቃል። እንባዬ መጣ። ዑስማንም ምን እንደነካው እንጃ፣ «አንቺ ንገሪው የሺ፣ እኔ አልችልም» ብሎ ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ።

ስለዚህ እኔ ነገርኩት። ኳስ የማላውቀው ሴትዮ።

«በረኛው እጁን ያርገበግባል» አልኩት። «ቤኪ ወደ ኋላ ሄደ። አሁንም ሄደ። ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ሊንደረደር ነው! ዝም ብለሽ ንገሪኝ!»

«ቆመ። ማልያውን ወደ ላይ ጎተተ። ሮጠ! መታት!»

ጓ! የሚል ድምፅ ሰማን። «ገባ?» አለኝ። የቡፎርድ ሃይዌይ ሰዎች ከበሮ ነው የመለሰለት።

«ቋሚውን መታው» አልኩት በመጨረሻ።

ወዲያው አለቀ፤ ጮራም ወረደ። ቤኪ ማልያውን ራሱ ላይ ጎትቶ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። አባትህ አጥሩን ዞሮ ገብቶ ከመሬት አነሳው። «እኔ ዞሬ ነበር፤ የእኔ ጥፋት አይደለም!» ሲለው ልጁ እያለቀሰ ሳቀ። ሳምቡሳም ሰጠው።

መኪና ውስጥ ገባን፤ ሞተሩን አስነሳና አልሄደም። ሰዉ እየወጣ መብራቱ አንድ በአንድ ሲጠፋ እያየን ተቀመጥን። መሪውን በጣቱ ይመታል። እኔ ግን ሆዴ ውስጥ ያለውን ይዤ መቆየት አልችልም፣ ታውቀኛለህ።

«ለምንድን ነው ለልጁ ያልነገርከው?» አልኩት። «ጀርባህን እያየ አይደለም እንዴ ያደገው? ‹አይተኸኝ አታውቅም› ሲልህ እንኳን እንዴት አትናገርም?»

«ገድ ከተወራ ይሄዳል» አለኝ፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ይመስል።

«ዛሬ ዞረህስ? ሳተ አይደል? ዓይንህ ምንም የለበትም ማለት ነው። ሂድና ልጅህን በደንብ እየው።»

ያሰበበት መሰለኝ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «ቤኪ የሰው ልጅ ነው» አለ። «የእኔ ገድ በሱ ላይ ባይሠራ አይገርምም። የራሴን ልጅ ግን አልሞክርበትም፣ የሺ። ያኔ ኳስ ነበር፤ ቢስት ምን ይመጣል? አሁን ግን የሄደበት ነገር...»

አልጨረሰውም። እኔም አልጨረስኩለትም። አንተም ስታነብ እዚያው ላይ ተወው፣ እባክህ።

የዚያን ቀን ማጠቢያው ላይ ለምን እንደዞረ የገባኝ ያኔ ነው። ተቆጥቶህ አይደለም ልጄ። መንገድህ እንዲቀና ነው። አንዴ ዞር ብሎ ቢያይህ የሆነ ነገር የሚደርስብህ መስሎት፣ ንጹሕ ብርጭቆ እያጠበ ነው የሸኘህ። ሞኝነት ነው በለው፤ እኔም ሞኝ ብዬዋለሁ። ግን እጁን ይዤ ነው ያልኩት።

ከዚያ መኪናውን ማርሽ አስገብቶ፣ ሃይዌይ ላይ ስንወጣ ወደ ፊት ወደ ፊት እያየ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሆቴሉን ለሁለት ሰው ሪዘርቭ አድርጊ።»

«ምን አልከኝ?»

«ዘይቱን ሐሙስ ለት ቀይሬዋለሁ። ጎማዎቹም ኦክላሆማ ያደርሱናል፤ ደብዳቤው የመጣ ለት አይቻቸዋለሁ።»

ስንት ቀን ሙሉ በ«እናያለን» ሲያቃጥለኝ ከርሞ! ያን ጊዜ ጎማውን ሲመታ በአንተ የተናደደ መስሎኝ በመስኮት ስረግመው ነበር እኮ። በጥፊ ልለው ፈለግኩ፤ ሃይዌይ ላይ ስለሆንን ተውኩት።

እና ይመጣል። እንዳትነግረው ታዲያ፣ እኔ ይህን ሁሉ እንደነገርኩህ አያውቅም። ገዱ በመወራቱ የሚሄድ ከሆነም ያወራሁት እኔ ነኝና በእኔ ይለፍ። ሰልፉ ላይ ስታልፍ አንገትህን ማዞር እንደማይፈቀድልህ የምስራች ነግራኛለች፤ የእህቷ ልጅ ወታደር ነው። ዓይንህን ጣል ማድረግ ከቻልክ ግን ሕዝቡ ሁሉ ወደ አንተ ሲያይ አንድ ሰማያዊ ጃኬት ብቻ ወደ መኪና ማቆሚያው ዞሮ ታያለህ። እንዳይከፋህ። እኔ አጠገቡ ነኝ፤ ሁሉንም እነግረዋለሁ። እንዴት እንደምትራመድ፣ ከስተህ እንደሆነ፣ ኮፍያው ጆሮህን ሸፍኖት እንደሆነ። ከንፈርህን ከነከስክም እነግረዋለሁ፤ ይጠይቀኛልና። የእኔ ዓይን ገድ የለውም፣ ክፉም ደግም። እኔ በደንብ አይሃለሁ።

አሁን እዚህ ላይ ሳለሁ አባትህ ገባ። «ምን እየጻፍሽ ነው?» አለኝ። ስለ ኳሱ ነው አልኩት። «ቤኪ ቋሚ እንደመታ ንገሪው። ካልሲም ይደርብ በይው» ብሎ ወደ ማጠቢያው ሄደ። ውኃው ሲፈስ ይሰማኛል፤ እኔ ደግሞ ዕቃውን ሁሉ ጠዋት አጥቤ ጨርሻለሁ።

ስትመልስልኝ ከሦስት መስመር በላይ ጻፍ። «ዬ»ዋንም አቅናት።

ስምህን ያወጣሁልህ መልአክ ቅዱስ ኡራኤል ከፊትህ ይቅደም፣ ከኋላህም ይከተል። የምትረግጠው መሬት ይለስልስልህ። የሚያዙህ ሰዎች ልብ ይራራልህ። እንደሸኘሁህ፣ ሙሉ አካልህን ለእኔ ለእናትህ ይመልስልኝ። አሜን በል፤ ጮክ ብለህ ባይሆንም በልብህ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ሰልፉ አልቆ ሲለቋችሁ ወደ እኛ በፊት ለፊት አትምጣ፤ አባትህ ዓይኑን የት እንደሚያደርገው አያውቅም። በኋላው በኩል ና። ምንም ሳትናገር ትከሻውን ያዘው።

እናትህ
የሺእመቤት